ትናንት የተወለደ ሕፃን የጉዞ ወረቀት ከየት ይምጣ?

ባለፈው ሰሞን ቦኖ ላይ ተሰልፈን ውኃ ስንጠብቅ አንዲት እህት ጀሪካኗን ይዛ ጠጋ አለችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ኬዛችን ተንቀሳቅሷል፤ ሜዲካልም ሊጠሩን ነው። እኔ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነኝ። ልናገር ወይስ እስክንበር ዝም ልበል?»

«ተናገሪ፤ ዛሬ ነገ ሳትዪ ተናገሪ» አልኳት።

መልሴ አላስደሰታትም። «የተናገሩት ቀሩ፣ ዝም ያሉት ሄዱ ይባላል እኮ» አለችኝ። ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች አልልም። በካምፓችን ልጅ ሲወለድ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት እልል ይላል። ኬዝ የተነሣለት ቤት ውስጥ ግን ከእልልታው ጋር አንድ ፍርሃት አብሮ ይገባል፤ «አሁን ፋይላችን ምን ይሆናል?» የሚል። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ለምን እንደባሰ በውኃ ሰልፍ ላይ ተነግሮ አያልቅም፤ ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ። ያለሁት ኬንያ ስለሆነ የምጠቅሰው የአገር ሕግ በአብዛኛው የዚሁ አገር ነው። ኡጋንዳና ሱዳን ያላችሁ የቢሮው ስም ይለያችኋል እንጂ ነገሩ ተመሳሳይ ነው።

መጀመሪያ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ልናገር። ጥፋቱ ከፊሉ የእኔ ነው።

አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች። የአሜሪካ ኬዛቸው ጸድቆ፣ ሜዲካል አልፈው ፍላይት የሚጠብቁ ነበሩ። እናቲቱ ግን ወሯ ገፍቶ ነበር። ብዙ አየር መንገዶች እርግዝናው 36 ሳምንት ካለፈ አያሳፍሩም፤ ከዚያ በፊትም የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ኬዙ «እስክትወልድ ይቆይ» ተባለ። ወንድ ልጅ ወለደች፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.። ሕፃኑን ወደ ቤተሰቡ ፋይል ለማስገባት ሲሄዱ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። «መቼ ተወለደ?» ሲባል እናቲቱ «ጥቅምት ሦስት» አለች። እኔም በአፌ እንደመጣልኝ «ኦክቶበር 3» አልኩ። ጸሐፊዋም ጻፈች።

ጥቅምት 3 ግን ኦክቶበር 13 ነው። ጤና ጣቢያው የሰጠው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ላይ ትክክለኛው ቀን፣ ኦክቶበር 13፣ ተጽፏል። ፋይሉ ላይ ደግሞ 3 አለ። አንዱ ሕፃን ሁለት ልደት አወጣ። ይህ የታወቀው በኅዳር፣ ልጁ ለሜዲካል ሲጠራ ነው። «የቀን ልዩነት አለ፣ ይስተካከል» ተባለ። ማስተካከያ ለመጠየቅ ቀጠሮ፣ ለቀጠሮው ወረፋ፤ የፈረንጆቹ በዓል መጣ፣ ቢሮ ተዘጋ፤ የእኛ ገና አለፈ። ልክ በጥር መጀመሪያ ተስተካክሎ «ለሚቀጥለው የጉዞ ዝርዝር ትገባላችሁ» ተባሉ። እናቲቱ በቀልድ «ጋሼ፣ ልጄን በአስር ቀን አስረጁብኝ እኮ» አለችኝ፤ ሁላችንም ሳቅን።

በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12 ቀን 2017፣ በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2025፣ አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዙበት ዕለት የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙን የሚያቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀም።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። ትንሽ ልጅ በእናቱ ወይም በአባቱ ፓስፖርት ላይ ስሙ ተጽፎ የሚሄድበት ዘመን ነበር። ዛሬ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለእያንዳንዱ ሰው፣ የአንድ ሳምንት ሕፃንም ቢሆን፣ የራሱ ሰነድ እንዲኖረው ይላል። ከኖቬምበር 24 ቀን 2015 ወዲህ ደግሞ በማሽን የማይነበብ ፓስፖርት ዋጋ የለውም። ደንቡ ክፉ አይደለም፤ በሌላ ሰው ፓስፖርት ልጅ ይዞ መሰወርን ለመከላከል የወጣ ነው። ነገር ግን መንግሥት ላለው ሰውና መንግሥቱን ሸሽቶ ለመጣ ሰው እኩል አይከብድም። ናይሮቢ የተወለደ የኬንያዊ ልጅ አባቱ የልደት ወረቀቱን ይዞ ፓስፖርት ያመለክትለታል። የእኛ ልጅ ለማን ያመልክት?

በ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 28 መሠረት ተቀባዩ አገር በግዛቱ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖር ስደተኛ የጉዞ ሰነድ ይሰጣል፤ እኛ ሲቲዲ የምንለው። የስምምነቱ አባሪ ሕፃናት በወላጅ ሰነድ ላይ ሊካተቱ እንደሚችሉ ይፈቅድ ነበር። ያ ግን በወረቀት ደብተር ዘመን የተጻፈ ነው። ማሽኑ የሚያነበው አንድ ፊትና አንድ ስም ስለሆነ ዛሬ ሕፃኑም የራሱን ይጠየቃል። ፎቶው ራሱ ፈተና ነው፤ ነጭ ጀርባ፣ ዓይን የተገለጠ፣ አፍ የተዘጋ፣ የእናት እጅ የማይታይበት። የሃያ ቀን ልጅ ይህን እንዲያደርግ ማስረዳት ነው እንግዲህ! ፎቶ ቤቶቻችን የለመዱት ዘዴ አላቸው፤ ነጭ ነጠላ መሬት ላይ አንጥፎ ልጁን አጋድሞ ከላይ ማንሣት። ከጠባ በኋላ፣ ሳይተኛ።

በሪሴትልመንት የሚሄድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ ሲቲዲ አያስፈልገውም፤ ተቀባዩ አገር ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት ያዘጋጃል። ያ ወረቀትም ቢሆን በሰው ልክ የሚሠራ ነው፤ አራት ሰው የተጻፈበት ፋይል አምስት ሰው አያሳፍርም። ሲቲዲ የሚያስፈልገው ባል ወይም ሚስት ውጭ ሆነው ቤተሰብ በሚጠሩበት ጊዜ ነው። እሱም ካልተገኘ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ከ1945 ጀምሮ የሚሰጠው የአስቸኳይ ጊዜ የጉዞ ሰነድ አለ። በነጻ ነው፤ ነገር ግን የሚሄዱበት አገር ለመቀበል፣ ያሉበት አገር ለማስወጣት እሺ ማለት አለባቸው። ከተሟላ ጉዳይ በኋላ የሚመጣ ነገር ስለሆነ የመጀመሪያውን በር አይከፍትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያማክረኝን ነገር ላንሣ። «ለልጁ ብቻ ኤምባሲ ሄደን ፓስፖርት ብናወጣለትስ? ልጁ እኮ ከማንም አልሸሸም።» እውነት ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ የትም ይወለድ የት ኢትዮጵያዊ ነው። ኬንያ በበኩሏ በግዛቷ ስለተወለደ ብቻ ዜግነት አትሰጥም፤ በ2010 ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 14 መሠረት ከእናት ወይም ከአባት አንዱ ኬንያዊ መሆን አለበት። ስለዚህ በደም ዜግነት አለው፣ በእጁ ግን ምንም የለውም። ቢሆንም ከኤምባሲው በር በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ። ስደተኛ ፈቅዶ የአገሩን መንግሥት ጥበቃ መልሶ ከተቀበለ ስደተኝነቱ ሊያበቃ እንደሚችል ስምምነቱ በአንቀጽ 1 ሐ ይናገራል። የዩኤንኤችሲአር የአሠራር መጽሐፍ አንቀጽ 121 ደግሞ ፓስፖርት ማውጣት፣ ተቃራኒ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ያን ጥበቃ እንደመፈለግ እንደሚቆጠር ይገልጻል። የልደትና የጋብቻ ወረቀት ከአገር ባለሥልጣን መውሰድ ግን እንደዚያ አይቆጠርም ይላል። ልዩነቱን ያዙት፤ የልደት ወረቀት ሌላ፣ ፓስፖርት ሌላ። ለሕፃኑ የሚያመለክተው ወላጅ ነው፣ ፎርሙ ላይ የሚፈርመውም ወላጅ ነው። «የልጁ ብቻ» የሚባል ማመልከቻ የለም። የግድ ከሆነም መጀመሪያ የሕግ ምክር የሚሰጥ ሰው አማክራችሁ እንጂ በደላላ ምክር አይሁን።

ከዚህ ወጣ ያለ ጉዳይ ያላቸው ጥቂት እናቶችም አሉ። አባትየው ቀድሞ ሄዶ የአሜሪካ ዜግነት አግኝቶ፣ ተመልሶ መጥቶ እዚህ ያገባ። እንዲህ ያለው ልጅ ሪሴትልመንት መጠበቅ የለበትም፤ ሲወለድ ጀምሮ አሜሪካዊ ሊሆን ይችላል። አባት ብቻውን ዜጋ ከሆነና ከተጋቡ፣ ልጁ ከመወለዱ በፊት በድምሩ 5 ዓመት አሜሪካ ውስጥ መኖሩን፣ ከዚያም ቢያንስ 2ቱ ዓመት ከ14 ዓመት ዕድሜው በኋላ መሆኑን ማሳየት አለበት። ካልተጋቡ የሚጠየቀው ይበዛል። ያ ከተሟላ ቆንስላው የልደት ሪፖርት አውጥቶ ለልጁ ፓስፖርት ይሰጣል። የእናትየው ጉዳይ ግን ለብቻው ነው፤ ልጁ ዜጋ ስለሆነ እሷ አብራ አትበርም።

ወደ ብዙኃኑ እንመለስ። ሁሉም መንገድ፣ ሲቲዲም ሪሴትልመንትም ቀይ መስቀልም፣ የሚጀምረው ከአንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው፤ የልደት ማሳወቂያ። ከወለዱ በኋላ ጤና ጣቢያው የሚሰጣት። ይህች ማሳወቂያ የልደት ሰርተፍኬት አይደለችም፤ ብዙ ሰው ግን ሰርተፍኬት መስላው ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣታል። ወደ ሲቪል ምዝገባ ቢሮ ሄዳ ካልተመዘገበች ሥራዋን አልሠራችም። በኬንያ አሠራር ልጁ በተወለደ በ6 ወር ውስጥ ካልተመዘገበ «የዘገየ ምዝገባ» ይሆናል፤ ያኔ የሚጠየቀው ማስረጃ ይበዛል፣ ጊዜውም ይረዝማል። ቤት ለወለደች እናት ማሳወቂያውን የሚሰጠው የአካባቢው ረዳት ቺፍ ነው። ብቻ እትብቱ ሳይደርቅ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስዶ ክትባት ማስጀመር ቢያንስ ቀኑ የተጻፈበት ካርድ ያስገኛል።

የስደተኛ ሕፃን የሚታወቀው በወረቀት ብቻ መሆኑን አትርሱ። ዩኤንኤችሲአር የጣት አሻራ የሚወስደው ከ5 ዓመት ጀምሮ ነው። እኔና እናንተ ወረቀታችን ቢጠፋ ጣታችን ይናገርልናል። ሕፃኑ ግን ወረቀቱ ከተሳሳተ የሚናገርለት የለም።

የሚሳሳተው ደግሞ ሁልጊዜ በሁለት ቦታ ነው፤ በስምና በቀን።

ስሙን እንይ። በእኛ ልማድ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ ብዙ ቤተሰብ ስም ለማውጣት እስከዚያ ይቆያል፣ ወይም አያትየው አገር ቤት ሆና በስልክ ስም እስክትልክ ይጠበቃል። ጤና ጣቢያው ግን አይጠብቅም። «ስሙ ማነው?» ሲባል «ገና ነው» ይባላል፤ ወረቀቱ ላይ «ቤቢ» ተብሎ የእናቲቱ ስም ይከተላል። ይህ «ቤቢ» ታዲያ እየተገለበጠ ፋይል ውስጥ ይገባል። ዕድሜው ሦስት ዓመት ሆኖ በፋይሉ ላይ ቤቢ የሚባል ልጅ አውቃለሁ። ሌላው ጣጣ የአባት ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ መጠሪያ፣ ሦስተኛው የአያቱ ነው። አባቱ ደግሞ ሁለተኛው የራሱ አባት ስም ነው። የማያውቅ ጸሐፊ አባትና ልጅ የጋራ ስም የሌላቸው መስሎት የአያትን ስም አንሥቶ «ሰርኔም» ያደርገዋል፤ ወይም የእናቲቱን ስም ይለጥፍበታል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍማ አንዱ ኃይለማርያም በአራት ዓይነት ይጻፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማኒፌስታችሁ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ ገልብጣችሁ ይዛችሁ ለመውለድ ሂዱ። «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ» በሉ። የልጁን ስም ቢያንስ ከመውለዳችሁ በፊት በወንድም በሴትም አዘጋጁ፤ የክርስትና ስሙ በኋላ ይመጣል፣ ማንም አይከለክልም። ሙስሊም ወገኖቻችን በሰባተኛው ቀን ስም ስለሚያወጡ በዚህ በኩል ይሻላቸዋል።

የቀኑን ነገር ከእኔ ስሕተት አይታችሁታል። ጥቅምት ኦክቶበር አይደለም፤ ጥቅምት የሚጀምረው በኦክቶበር 11 ወይም 12 ነው። እያንዳንዱ ወራችን ከእነርሱ ወር ከስድስት እስከ አሥር ቀን ገደማ ይዘገያል፣ ዓመቱ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ያንሳል። በ2024 የተወለደ ልጅ «2017» ተብሎ ተጽፎለት በፋይል የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ያየሁበት ጊዜም አለ፤ የሚገርመው አንድም ሰው ሳይጠይቅ ሁለት ቢሮ ማለፉ ነው። እኔ ከዚያ ጉድ ወዲህ ሁለቱም ቀን ያለበትን የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ኪሴ ውስጥ አጥፌ ነው የምሄደው። አስተርጓሚ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የወር ስም አትተርጉሙ፤ ቀኑን ቆጥራችሁ ተናገሩ።

ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። የአባቱ ስም ወረቀቱ ላይ ካለ «አባቱ ልጁ ከአገር እንዲወጣ ፈቅዷል ወይ?» ትባላለች። አባትየው ከጠፋ፣ ከሞተ፣ ወይም ከነጭራሹ ስሙ መነሣት የማይፈልግ ሰው ከሆነ ያንን የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የአሳዳጊነት ጉዳይ ደግሞ በቀናት አያልቅም። ስለዚህ እንዲህ ያላችሁ እህቶች በወለዳችሁ ሰሞን፣ ምናልባትም ከዚያ በፊት፣ ለሕፃናት ጥበቃ ክፍል ነገሩን ተናግራችሁ እንዲጻፍ አድርጉ። ፍላይት ሲመጣ ከሆነ አይደርስም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድሮም የነበረ ነው። ዛሬ ምን ተለወጠ?

የተለወጠው የጊዜው ዋጋ ነው። ድሮ ልጅ ሲወለድ ኬዙ ለጥቂት ወራት ይቆም ነበር፤ ቢቆምም ወረፋው ይንቀሳቀስ ስለነበር ተመልሶ ይገባል። በዚያ ላይ ሁሉም ነገር የራሱ ማብቂያ ቀን አለው። ሜዲካል እንደ ሰውየው ጤና ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወይም ለ6 ወር ነው የሚያገለግለው። የደኅንነት ማጣሪያውም እንዲሁ ይቃጠላል። የሕፃኑ ወረቀት እስኪመጣ የአባት ሜዲካል ያልቃል፤ የአባት ሲታደስ የእናት ማጣሪያ ያልፍበታል። ሕፃኑ ራሱ ቀላል ነው፤ ከ2 ዓመት በታች ስለሆነ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ እንኳ በመደበኛው አይጠየቅም፣ ሐኪም አይቶት ያልፋል። እሱ ግን ሳይጻፍ ሌላው አይሄድም።

ከጥር 2017 ወዲህ ወረፋው ራሱ ቆመ። በየካቲት ወር በሲያትል ያለ የፌዴራል ዳኛ የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ አግዶ ነበር፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት ግን እገዳውን አጠበበው። በሚያዝያ በሰጠው ማብራሪያ ጥበቃው የሚመለከተው እስከ ጥር 12 ድረስ ማመልከቻቸው ጸድቆ፣ እንዲጓዙ ተፈቅዶላቸውና የተረጋገጠ የጉዞ ዕቅድ የነበራቸውን ብቻ ነው አለ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ቤተሰብ ነው። የጸደቀ? አዎ። የተፈቀደ? አዎ። የተቆረጠ ትኬት? የለም። ለምን የለም? የሕፃኑ ቀን በመስተካከል ላይ ስለነበረ። ትኬት ቢኖራቸው ኖሮ በእርግጥ ይሄዱ ነበር ብዬ አልምልም፤ ትኬት ይዘው የቀሩ ሞልተዋል። ነገር ግን ቢያንስ ፍርድ ቤት የሚቆጥረው ሰው ይሆኑ ነበር። ለቀጣዩ፣ ለ2026 የበጀት ዓመት አሜሪካ የወሰነችው ጣራ 7,500 ሰው ነው፤ እሱም በአብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ጣራው 125,000 ነበር። ዩኤንኤችሲአርም በገንዘብ እጥረት ወደ 3,500 የሚጠጉ የሥራ መደቦችን እንደሚዘጋ በጁን 2025 አስታውቋል። ያ ማለት ለእኛ መስኮቱ ላይ የሚቀመጥ ሰው አነሰ ማለት ነው። ስሕተት ለማረም ድሮ ሦስት ሳምንት የወሰደው አሁን ስንት እንደሚወስድ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ ስሕተትን መሸከም የሚችል ሥርዓት ነበር፣ አሁን የለም። ዕድሉ ሲጠብብ በጥራት የተሞላ ፋይል ያለው ያልፋል፣ ያልተሟላው ይቀራል። ይህ ፍትሐዊ ነው እያልኩ አይደለም። በግሌ የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። እርግዝና ድንገተኛ ነገር አይደለም፤ ዘጠኝ ወር ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ጉዳይ ነው። ጤና ጣቢያው ነፍሰ ጡሯን ያውቃል፣ ካርድ ሰጥቷታል፣ የምትወልድበትን ወር ጽፏል። የፋይል ቢሮው ግን ልጁ ከተወለደ በኋላ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል። የእናቲቱ ፋይል ላይ «በዚህ ወር ትወልዳለች» ተብሎ ተጽፎ፣ በወለደች በሳምንቱ ምዝገባ፣ ፎቶና የሐኪም ምርመራ ቀጠሮ ቢያዝላት ምን ገንዘብ ይጠይቃል? ሁለቱ ቢሮዎች በእግር አሥር ደቂቃ አይራራቁም። በስብሰባ ላይ ይህን ባነሣሁ ቁጥር «ጥሩ ሐሳብ ነው» እባላለሁ፤ ይጻፋል፣ ይቀራል።

እንግዲህ «ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» ወደሚለው እንመለስ። መደበቅ መጀመሪያ የጤና አደጋ አለው። በሜዲካል የደረት ራጅ ይነሣል፣ ክትባት ይሰጣል፤ ነፍሰ ጡር መሆንሽን ካላወቁ ሆድሽን ሳይከልሉ ያነሡሻል፣ ለእርጉዝ የማይሰጠውንም ክትባት ይወጉሻል። ሁለተኛ፣ ሆድ የሚደበቀው እስከ ወሩ ነው፤ ናይሮቢ ኤርፖርት ላይ ከመስመር የወጣች እናት ከነልጆቿ ነው የምትመለሰው። አራትና አምስት ወር ላይ ያለች እናት ግን ተናግራም ልትበር ትችላለች፤ እርግዝና ብቻውን ጉዞ አያስቀርም። እንዲያውም «እስከዚህ ቀን ካልሄድን ይከብዳል» የሚል ማስታወሻ ፋይሉ ላይ መኖሩ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ቤተሰብ የተለያየበት ቤት ውስጥ ደግሞ ዝምታው የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል። ባል ወደ ካናዳ ሊሄድ ነው እንበል፤ ሚስቱና ልጁ እዚህ ይቀራሉ። ካናዳ ከሄዱ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤተሰብ የሚጠራበት መንገድ አላት፣ ግን ከመሄዱ በፊት በማመልከቻው ላይ ለተጻፉ ብቻ ነው። ሚስት ነፍሰ ጡር ከሆነች ሳይሄድ በፊት ያሳውቅ። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ በስደተኝነት የገባ ሰው በ2 ዓመት ውስጥ ለልጁ ሲያመለክት፣ ልጁ እሱ ከመግባቱ በፊት የተፀነሰ ከሆነ ይቆጠራል፤ ይህንን የሚያሳየው የነፍሰ ጡር ክትትል ካርድና የልደቱ ቀን ነው። አሁንም ያቺው ቀን!

ያ ቤተሰብ አሁንም እዚሁ ነው። ልጁ ቆሞ ይሄዳል፤ በፋይሉ ላይ ኦክቶበር 13 ተብሎ በትክክል ተጽፏል። የአራቱም ሜዲካል አልቋል። ሰርተፍኬቱን ግን አባቱ በዚያው በተወለደበት ሰሞን አስመዝግቦ አውጥቶለታል፣ አሁን ለሌላ አገር ኬዝ ሲታይ የመጀመሪያው ወረቀት እሱ ነው።

የቦኖዋ እህትም ተናገረች። በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው ሰምቶ ምንም ሳይል ጻፈና የምትወልድበትን ወር ጠየቃት። «ሰኔ» አለች። እኔ ካላንደሬን አወጣሁ።